«መቼ ነበር?» ብሎ የሚጀምር ሕክምና

እሑድ ረፋድ ላይ በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር መድኃኒት ቤት ባንኮኒ አጠገብ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ዓይነት ደንበኛ ማየቱ አይቀርም። ወጣት ነው፤ ብዙ ጊዜም ወንድ። ሌላው ገዢ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙናና የሕፃናት ወተት የተደረደረበትን መስታወት ያጠናል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ቤቱ ጭር ሲል ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፖስትፒል አለ?» ይላል። ፋርማሲስቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ትንሿን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ካርቶን በፌስታል ታደርግለታለች፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ለገዢው እፎይታ ነው፤ ማንም ምንም አልጠየቀውም። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ክኒኑን የምትውጠው እሱ ያልጠራት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ፣ ከዋጠች በኋላ ቢያስመልሳት ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግንኙነቱ ከተፈጸመ ስንት ሰዓት እንዳለፈው የጠየቀ የለም።

ጤና ጣቢያ ሲኬድ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጥያቄ ሞልቷል። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ትባላለች፤ ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። «ሆዴን» ብላ ታልፋለች። «ሆዴን» ያለች ሴት የምትላክበት ወረፋ ደግሞ ረጅም ነው። ተራዋ ደርሶ ለባለሙያው እውነቱን ስትናገር ሌላ ዙር ይጀምራል፦ ያገባሽ ነሽ? ከማን ጋር ነው? ቤተሰብ ያውቃል? ለምን አልተጠነቀቅሽም? ጥያቄዎቹ ከክፋት የመጡ ናቸው ማለት ይከብዳል፤ አብዛኞቹ ከታላቅ እህት ወይም ከአክስት አፍ የሚወጡ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን አንዳቸውም መድኃኒት አይመርጡም። መድኃኒቱን የሚመርጠው፣ የምርመራውን ቀን የሚቆርጠው፣ ተስፋው ምን ያህል እንደሆነ የሚናገረው ጥያቄ አንድ ነው፤ መቼ ነበር?

ያልታሰበ እርግዝና ወይም የአባላዘር በሽታ ሰግቶ እርዳታ የሚሻ ሰው በአገራችን የሚጎዳው መድኃኒት ስለጠፋ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ መድኃኒቶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙ አይርቁም። የሚያልቀው ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን የሚበላው እፍረት ነው፤ የታካሚው እፍረትና እፍረቱን የሚያባብስበት አቀባበል። ስለዚህ አገልግሎቱ መቆም ያለበት በሥነ ምግባር ምርመራ ላይ ሳይሆን በሰዓት ላይ ነው። ሥነ ምግባር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ተራው ገና ነው ማለቴ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ሸክሙን በሙሉ በታካሚው ጫንቃ ላይ ይጥላል። ሳይሸሽግ የተናገረውን ሰው ስንቴ እንደገሠጽነው ግን ብሂሉ አይናገርም።

ከእርግዝናው እንጀምር። የወንድ ዘር በሴቷ ማኅፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የሴቷ እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ግን ቢበዛ አንድ ቀን ነው። እርግዝና የግንኙነቱ ዕለት ያለቀ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ዘሩ እንቁላሏን እየጠበቀ ነው። ፖስትፒልና መሰሎቹ የያዙት ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ሆርሞን የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ገብቶ የእንቁላሏን መውጣት በማዘግየት ነው። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች የክኒኑ ነገር አበቃ ማለት ይቻላል። እርግዝና ከተጀመረም አያቋርጠውም፣ ጽንሱንም አይጎዳም፤ «የማስወረጃ ክኒን ነው» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት አስተባብሮት እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት የሰዓቱን ዋጋ በቁጥር አሳይቷል። ክኒኑን በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የወሰዱት ሴቶች ሊከሰት ከሚችለው እርግዝና 95 በመቶው ሲቀርላቸው፣ በሁለተኛው ቀን የወሰዱት 85 በመቶ፣ በሦስተኛው ቀን የወሰዱት ደግሞ 58 በመቶ ቀርቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን ይህን ያህል አላሰፉትም፤ እስከ 5ኛው ቀንም የተወሰነ ጥቅም እንዳለው ይታወቃል። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ቅዳሜ ሌሊት የተፈጠረን ነገር እሑድ ጠዋት መፍታትና ማክሰኞ መፍታት አንድ አይደለም።

ባንኮኒው ላይ ያልተነሡት ጥያቄዎች ዋጋ የሚያስከፍሉትም እዚህ ጋ ነው። በገበያ ላይ ያለው ክኒን አንዳንዱ 1.5 ሚሊግራም የሆነ አንድ ፍሬ ነው፤ አንዳንዱ 0.75 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት ፍሬዎች ናቸው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ ይቻላል፤ ሁለተኛውን ለ12 ሰዓት አቆይቶ መርሳት ግን ቀላል ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ያስመለሳት ሴት እንደገና መውሰድ አለባት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ እንደ ካርባማዜፒንና ፊኖባርቢታል ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ኢፋቪሬንዝ የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የክኒኑን ኃይል ያዳክማሉ፤ እነዚህን የምትወስድ ሴት መጠኑን ከፍ ማድረግ ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ ይኖርባታል። ያ ሌላ መንገድ ሉፕ ነው። ሉፕን እናቶቻችን የሚያውቁት ለዓመታት እንደሚያገለግል የወሊድ መቆጣጠሪያ ነው፤ መዳብ ያለው ሉፕ ከግንኙነቱ በኋላ እስከ 5 ቀን ድረስ ቢገባ ከማንኛውም ክኒን የተሻለ፣ ከ99 በመቶ በላይ አስተማማኝ የድንገተኛ መከላከያ እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አራተኛው ቀን ላይ ደርሳ «አለፈብኝ» ብላ የተመለሰች ሴት ገና አላለፈባትም ነበር።

የኤችአይቪው ሰዓት ከዚህም የባሰ ችኩል ነው። ቫይረሱ በመራቢያ አካል ስስ ሽፋን በኩል ሲገባ መላውን ሰውነት ወዲያው አይወርም። መጀመሪያ በገባበት ቦታ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ቅርብ ንፍፊቶች ይሻገራል፣ ከዚያ ነው ደም ውስጥ ገብቶ የሚሰራጨው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከተጀመረና ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ከተወሰደ ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ ሊቀጭ ይችላል። ባለሙያዎች በአጭሩ ፔፕ የሚሉት ይህ ነው። የመጨረሻው ገደብ 72 ሰዓት ቢባልም ገደብ ማለት ቀጠሮ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በጦጣዎች ላይ የተደረገ ዝነኛ ሙከራ መድኃኒቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ጀምረው 28 ቀን የወሰዱት ሁሉ እንደዳኑ፣ በ48 እና በ72 ሰዓት ከጀመሩት ወይም ቀድመው ካቋረጡት ግን የተያዙ እንደነበሩ አሳይቷል። ዛሬም የሕክምና መመሪያዎች «በተቻለ ፍጥነት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለራሱ ሠራተኛ የሚደረገውን እንመልከት። አንዲት ነርስ ደም ስትቀዳ መርፌው ጣቷን ወጋት እንበል። ጓንቷን ታወልቃለች፣ ጣቷን በውሃና በሳሙና ታጥባለች፣ ለኃላፊዋ ታሳውቃለች። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ይመዘገባል፣ ደሙ የማን እንደሆነና ያ ሰው ተመርምሮ እንደሆነ ይጣራል፣ አስፈላጊ ከሆነ የመጀመሪያው ክኒን በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሰጣታል። ማንም «ለምን አልተጠነቀቅሽም?» ብሎ ቆሞ አያስተምራትም፤ ቢያስተምርም መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ ነው። አሠራሩ ትክክል ነው፤ ጥያቄው ለምን በዚያ ግድግዳ ውስጥ እንደሚቀር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ግምት እንደሚለው ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ ተወግቶ የመያዝ ስጋት ከ10,000 ጊዜ ወደ 23 ያህል ነው። መድኃኒት ከማይወስድና ቫይረሱ ካለበት ወንድ ጋር በብልት በኩል ግንኙነት ላደረገች ሴት ስጋቱ ከ10,000 ወደ 8፣ በፊንጢጣ በኩል ለተደረገ ግንኙነት ደግሞ ከ10,000 ወደ 138 ነው። የመርፌው ስጋት አንዱን ይበልጠዋል፣ ከሌላው ብዙ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ በሥራ ላይ በተጋለጠና ከሥራ ውጭ በተጋለጠ ሰው መካከል የነበረውን ልዩነት አንሥቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት አሰጣጥ አድርጓል። በእኛ ዘንድ ግን ፔፕ እስከ ዛሬ በሕዝቡ ጆሮ ያለው፣ ካለም፣ ለተወጋ ባለሙያና ለተደፈረች ሴት የሚሰጥ ነገር ተደርጎ ነው። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ የሕግ ጉዳዩንና ምክሩን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ ማዕከል መከፈቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ኮንዶም የተቀደደበት ሰው ግን ያንን በር የእሱ በር አድርጎ አያየውም።

እነዚያ ቁጥሮች ሌላም ነገር ይናገራሉ፤ አንድ መጋለጥ ፍርድ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የኤችአይቪ ትምህርት ያደገ ትውልድ አጽም የሚያስታውሱ ሥዕሎች ከአእምሮው አልጠፉም፤ ለእሱ አንድ ስሕተት ማለት አንድ ሞት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ «ከሆነም ሆኗል» ብሎ ቤቱ ተኝቶ 72 ሰዓቱን ያሳልፋል፤ ወይ በማግስቱ ጠዋት ለምርመራ ሮጦ «ነፃ ነህ» ሲባል ሻማ ያበራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራባቸው ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራዎች የሚፈልጉት ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት በቫይረሱ ላይ ያመረተውን መከላከያ ነው፤ ያ ደግሞ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊፈጅ ይችላል። የማግስቱ ምርመራ የሚናገረው ስለ ትናንት ማታ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወት ነው። ጥቅም የለውም አልልም፤ ፔፕ ከመጀመሩ በፊት መደረግ አለበት። ማረጋገጫ ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ሰዓት ይመጣል። የመጀመሪያው «ፍጠን» ይላል፣ ሁለተኛው «ታገሥ»። የሽንት የእርግዝና ምርመራ የሚታመነው የወር አበባ ከቀረ በኋላ ወይም ከግንኙነቱ 3 ሳምንት ያህል ሲያልፍ ነው። ጨብጥ በወንድ ላይ ከ2 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ መግልና ማቃጠል ይዞ ይወጣል፤ ብዙ ሴቶች ላይ ግን ድምፁን ሳያሰማ ይከርማል። ክላሚዲያ ከዚያም የባሰ ዝምተኛ ነው። ቂጥኝ ከ10 እስከ 90 ቀን ሊደበቅ ይችላል፤ ሲወጣም የመጀመሪያው ቁስል ስለማያም፣ በራሱም ስለሚድን፣ ሰው የዳነ ይመስለዋል። በሽታው ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። በጊዜ የተያዘ ቂጥኝን አንድ ጊዜ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይፈውሰዋል፤ ዓመታት ያለፉት ቂጥኝ ግን ልብና አንጎል ድረስ ይዘልቃል። የጉበት ቫይረስ ቢም አለ። ኢትዮጵያ የዚህን ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ወጣትና ጎልማሳ አልተከተበም፤ ከተጋለጠ በኋላም ቢሆን ክትባቱን ቶሎ መጀመር ይረዳል። ይህን የሚነግር ባለሙያ ማግኘት ዕድል ነው።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታ የሚታከመው በአብዛኛው በምልክት ነው። ፈሳሽ ያየች ሴት ፈሳሽ የሚያመጡትን በሽታዎች ሁሉ የሚሸፍን መድኃኒት ይሰጣታል፤ ቁስል ይዞ የመጣ ወንድ ለቂጥኝም ለከርክርም ይታከማል። የላብራቶሪ አቅም በሌለበት ቦታ ይህ ብልህ አሠራር ነው፣ ብዙ ሰውም አድኗል። ድክመቱ ምልክት የሌለው ሰው በሩን አልፎ መሄዱ ነው። «ምን ይታይሃል?» ሲባል «ምንም» ካለ «እንግዲያው ጤነኛ ነህ» ይባላል። «መቼ ነበር?» ቢባል ኖሮ ግን «10 ቀን» ለሚል ሰው ቀጠሮ ይያዝለት ነበር። ይህ ጥያቄ ሲጠፋ ቦታውን የሚይዘው ራስን ማከም ነው። ሽንቱ ሲያቃጥለው ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ ጥቂት ፍሬዎች ገዝቶ ጉዳዩን የዘጋ ወንድ ብዙ ነው፤ የጨብጥ ተሕዋስ ሲፕሮን ከለመደው ግን ቆይቷል። «አስቀድሜ አንቲባዮቲክ ልዋጥ» የሚልም አለ። ዶክሲሳይክሊን ከግንኙነት በኋላ መውሰድ በአሜሪካ ለአንዳንድ ወንዶች ጥቅም ቢያሳይም በኬንያ ሴቶች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ያንን ጥቅም አላገኘም።

የመጀመሪያው ሰዓት አልፎ እርግዝናው ከተረጋገጠስ? አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ሕጉ ከእኛ ቀድሞ ጥያቄውን አስተካክሏል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ክልከላውን እንደያዘ የማያስቀጡ ሁኔታዎችን አሰፋ፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱን ወይም የጽንሱን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉዳት ካለበት፣ ወይም ሴትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 552 ደግሞ ለመደፈርና ለዘመዳሞች ግንኙነት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ምስክር አልተጠየቀም። ሕግ አውጪው ይህን የጻፈው የዋህ ስለሆነ አልነበረም። ማስረጃ ሲፈለግ ሳምንታት እንደሚነጉዱ፣ ሳምንታት ሲነጉዱ ደግሞ አደጋው እንደሚያድግ፣ ሴቲቱም በድብቅ ወደሚያስወርድ ሰው እንደምትሄድ ስለተረዳ ነው። ተመራማሪዎች እንደገመቱት እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሪቱ ከተደረጉ ጽንስ ማቋረጦች በሕክምና ተቋም የተፈጸሙት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 53 በመቶ ደርሰዋል። ቀሪው ግማሽ ያህል ያኔም ከሕክምና ተቋም ውጭ ነበር። በሕጉ ክልከላ ብቻ ይህን ማብራራት ይከብዳል፤ ሕጉ የሚፈቅድላት ሴት ጭምር መፈቀዱን አታውቅም፣ ብታውቅም የካርድ ክፍሉን መስኮት ትፈራለች። ልጁን ለመውለድ ለወሰነችውም ቢሆን ጊዜው ያው ነው፤ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራዋ ቶሎ ከተደረገ ልጇ ከሁለቱም ሊጠበቅ ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ነገሩን ካቀለላችሁት ልጆቹን ታባልጋላችሁ» የሚል ነው። ይህ በሐሳብ ብቻ የሚፈታ ጥያቄ አይደለም፣ ተፈትኗል። ለሴቶች ክኒኑን አስቀድሞ በእጃቸው ሰጥቶ ካልተሰጣቸው ጋር ያነጻጸሩ 11 ሙከራዎች ከ7,000 በላይ ሴቶችን አካተው ሲገመገሙ ያልተጠነቀቀ ግንኙነትም ሆነ የአባላዘር በሽታ አልጨመረም። እዚህ ላይ ለእኔ ክርክር የማይመቸውን ግማሽ መደበቅ አልፈልግም፦ እርግዝናም በአጠቃላይ አልቀነሰም። ክኒኑን በመሳቢያ መያዝ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ያ ውጤት የሚነግረን ካርቶን ማደል በቂ አለመሆኑን ነው። ክኒኑ ከሌሎች የወሊድ መከላከያዎች ደካማ ነው፤ በየወሩ ፖስትፒል የምትገዛ ሴት በክንድ የሚቀበር ወይም በመርፌ የሚሰጥ መከላከያ ቢቀርብላት ይሻላት ነበር። ያንን የሚያቀርብላት ሰው ግን ባንኮኒው ላይ ማነጋገር አለበት። ዝምታውም ግሣጼውም ወደ እሷ አያደርሱም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ የሚመጣ ነው፦ «ከማን ጋር እንደሆነ ሳንጠይቅ እንዴት እናክማለን?» እውነት አላቸው። የሌላው ወገን የኤችአይቪ ሁኔታ ወሳኝ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ በደሙ ውስጥ ቫይረሱ የማይታይ ሰው በግንኙነት እንደማያስተላልፍ በትልልቅ ጥናቶች ስለተረጋገጠ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ለተገናኘ ፔፕ ላያስፈልገው ይችላል። ጨብጥም ቢሆን ሁለቱ አብረው ካልታከሙ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። መደፈርም ካለ መታወቅ አለበት። እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉና ስለ አነጋገሩ ነው። «ምርመራ ያደረገ ሰው ነው? መድኃኒት ይወስዳል?» እና «ማነው እሱ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሕክምና ነው፣ ሁለተኛው ወሬ። የሌላው ሰው ሁኔታ ካልታወቀ ደግሞ የመጀመሪያውን ፍሬ ሰጥቶ ማጣራቱን መቀጠል ይቻላል፤ አያስፈልግም ከተባለ ማቆም ቀላል ነው። ያለፈ ሰዓት ግን አይመለስም።

ሦስተኛው «ባህላችንና ሃይማኖታችን» የሚል ነው። ባህሉንና ሃይማኖቱን እንደ ግንብ የሚያቆሙት ሰዎች ከግንቡ ውስጥ ያለውን የረሱ ይመስለኛል። ኦርቶዶክሱ የንስሐ አባት አለው፤ የንስሐ ልጁን ምስጢር ያወጣ ካህን በሕዝቡ ዘንድ ምን ስም እንደሚወጣለት ሁላችንም እናውቃለን። ሙስሊሙ የሰውን ነውር መሸፈን፣ ሰትር ማድረግ፣ ከመልካም ሥራ እንደሚቆጠር ከሕፃንነቱ ተምሯል። ኃጢአትን መጥላትና ኃጢአተኛን በአደባባይ ማዋረድ አንድ አለመሆናቸውን ለዚህ ሕዝብ የሚያስተምረው ከውጭ የመጣ አማካሪ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያው ከንስሐ አባቱ ያነሰ ምስጢር ጠባቂ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አራተኛው የገንዘብ ነው፤ የ28 ቀን መድኃኒት ለጠየቀ ሁሉ ማን ይችለዋል? ፔፕ ለማያስፈልገው ሰው መሰጠት የለበትም፤ ከላይ ያለው ማጣሪያም ለዚህ ነው። ነገር ግን ዛሬ ለፔፕ የሚውሉት መድኃኒቶች፣ ዶሉቴግራቪርን ጨምሮ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው በየቀኑ ዕድሜ ልኩን የሚወስዳቸው ራሳቸው ናቸው። 28 ቀንና ዕድሜ ልክ ተወዳድረው ሒሳቡ የሚያስቸግር አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ከተሞች ከሚኖሩ ከ15 እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ካሉ ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል፤ በሽታው ከዜና ጠፋ እንጂ ከከተማው አልጠፋም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ተቃውሞ ሆኖ የማይነሣው ነው፤ የሥራ ሰዓት። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ላይ የተፈጠረ መጋለጥ 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ነው። እሑድን ሰውየው በጭንቀት ያሳልፋል። ሰኞ ቀን ሥራውን ጥሎ መሄድ ይቸግረዋል፣ ሰኞ በዓል ከሆነም የፀረ ኤችአይቪ ክፍሉ ዝግ ነው። ማክሰኞ ይመጣል፤ ከካርድ ክፍል ወደ ተመላላሽ፣ ከተመላላሽ ወደ ሌላ ክፍል ሲላክ ይውላል። ድንገተኛ ክፍሉ ሌሊቱን ሙሉ መብራት እየበራ መድኃኒቱ ግን በሌላ ክፍል ተቆልፎ ካደረ ቁልፉ ራሱ አንዱ የበሽታው መተላለፊያ ሆነ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጥቂት ቀን መድኃኒት ሰጥቶ «ቀሪውን ሰኞ ውሰድ» ከማለት 28ቱንም ቀን በመጀመሪያው ጉብኝት መስጠት እንደሚሻል የመከረው በምክንያት ነው፤ ፔፕ ከጀመሩት ውስጥ የሚጨርሱት ከግማሽ ብዙ አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያም መድኃኒቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ እንዲቀርብና ሥራው በተለያዩ ባለሙያዎች እጅ እንዲካፈል አሳስቧል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ሌሊት የሚሠራ አንድ መሳቢያና መሳቢያውን ለመክፈት የተፈቀደለት አንድ ነርስ ይበቃሉ።

የተሳሳተ ጥያቄ የሚጎዳው እዚህ ያለውን ሰው ብቻ አይደለም፤ ምርመራ በማን ጥያቄ እንደሚደረግ ለማየት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄደውን የቤት ሠራተኛ መመልከት ይበቃል። ከመሳፈሯ በፊት የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስና የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች፤ ከወረቀቱ የሚወጣው መልስ ግን «ፊት» ወይም «አንፊት»፣ ማለትም ብቁ ናት ወይም አይደለችም፣ ነው። ምርመራው የሚመልሰው የአሠሪውን ጥያቄ ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ከጋብቻ ውጭ ማርገዝ ለእስርና ለመባረር ሊዳርጋት በሚችልበት አገር የመጀመሪያዎቹን 72 ሰዓታት የምትጠቀምበትን እውቀት ይዛ መሄድ ያለባት ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው። ያንን የሚነግራት የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ከሌለ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ስለዚህ የጤና ቢሮዎች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፤ ፔፕን ከሥራ ሰዓት ውጭም በድንገተኛ ክፍል እንዲያስቀምጡ፣ ካርድ ክፍልም የሕመም ምክንያትን በወረፋ ፊት መጠየቅ እንዲተው። ፋርማሲስቶች ደግሞ «ስንት ሰዓት ሆናት? ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አያጡም። ይህ እስኪሆን በስጋት ላይ ያላችሁ አንባቢዎች አትጠብቁ። የቀረባችሁ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ምክንያቱን መስኮት ላይ ለመዘርዘር አትገደዱም፤ «ድንገተኛ ነው፣ ለብቻ ባለሙያ ማነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ከገባችሁ በኋላ ከማንኛውም ነገር በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ተናገሩ።